የስንዱ ቁራኛ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን ያሰናዳችሁ ተዉት፤ ይህ ተረት ላምም በረትም የለውም። ያለው ስልክ ነው። ላም የረገጠችውን ብቻ ታበላሻለች፤ ስልክ ግን እግሩ ያልደረሰበትን ያበላሻል። ዛሬ የማወራው እየተናደድኩ ስለሆነ መሃል ገብቶ የሚያቋርጠኝ እንዳይኖር።

ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ትቆርጣለች። መኪና ሊወጣ ሲል ተሳፋሪ የምትጠራው እሷ ናትና ጉሮሮዋ የታወቀ ነው፤ አውቶቡስ ጥሩምባ ቢነፋባት ተሸንፎ ዝም የሚለው አውቶቡሱ ነው። እህቷ ሩቅ ከተማ ልብስ ፋብሪካ ስትገባ ልጇን ኤልዳናን ለስንዱ አደራ ሰጥታት ሄደች። ኤልዳና ገና መራመድ የጀመረች፣ ቁመቷ ከወንበር የማይበልጥ፣ ጩኸቷ ግን ቁርጥ የአክስቷ ነው።

አንድ ቀን ስንዱ ልጅቷን አስከትባ ስትመለስ፣ ልጅቷ መርፌው ከወጋት ጀምሮ አገር ይያዝልኝ ብላ ታለቅሳለች። ስንዱ አባበለቻት፣ እምቢ አለች። ከረሜላ ሰጠቻት፣ ተፋችው። ቢቸግራት ነጠላዋን ጣል አደረገችባትና እየሮጠች ገበያውን አቋረጠች። የሚያለቅስ ልጅ ታቅፎ የሚሮጥ ሰው አይታችሁ አታውቁም? ሁላችንም እናውቃለን። ሽብሩ ግን አያውቅም።

ሽብሩ «ጉድ በሰፈር» የሚባል ገጽ አለው። በስልኩ ያየውን ያነሳል፣ ያላየውን ይጨምርበታል፣ ይለጥፋል። ያን ቀንም ከጭማቂ ቤቱ በረንዳ ሳይነሳ ስንዱን አነሳት፤ ከሥሩም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ልጅ ሰራቂ! ያያችኋት ያዙልን!»

ከዚያ ወዲያ የስንዱ ነገር አበቃ። ስታውቃት የኖረች ሽንኩርት ሻጭ ልጇን ወደ ጓዳ ሳበች። የማታውቀው ሰው የወረወረው ድንጋይ ጆሮዋን ጨርፏት አለፈ። የመናኸሪያው አለቃ «ነገሩ እስኪበርድ ቤትሽ ተቀመጪ» አላት። ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ ተረኛው ምስሉን አየ፣ እሷን አየ፣ «ልጁን አምጪ!» አላት። አከራይዋ እማማ ወሰኔ የሚያማቸውን እግር እየጎተቱ ሄደው «የእህቷ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ ዋስ» ባይሉ ኖሮ እዚያው ታድር ነበር።

ይህም ሳያንስ ኩፍኝ ሰፈር ገባ። የጎረቤቶቹ ልጆች ዓይናቸው ቀልቶ፣ ገላቸው ሽፍ ብሎ ተኙ። ኤልዳና የቀራት አንድ የኩፍኝ መርፌ ነበር፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ከገበያው ማዶ ነው። ክትባቱ ከበረዶ ሳጥኑ ወጥቶ ቤት ለቤት አይዞርም። የእማማ ወሰኔ እግር ያን ያህል መንገድ ልጅ አዝሎ አይሄድም። ስንዱ ልጅ ታቅፋ ገበያውን ብታቋርጥ ደግሞ ሁለቱም በሕይወት ላይመለሱ ይችላሉ። ስለዚህ ስንዱ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች፤ ያቺ ምስል እንድትጠፋላት። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ልጅቷን ለእማማ ወሰኔ ትታ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ሽብሩ ዘንድ ሄደች።

«አንተ ሽብሩ፣ ምስሉን አጥፋልኝ። ምስሉ ደጅ አላስወጣ አለኝ፣ ኩፍኙ ሰፈር ገባ፣ ልጄ መርፌዋን አጣች!»

ሽብሩ ጭማቂውን መጠጠ። «እትዬ ስንዱ፣ በእኔ ላይ ምን አስቆጣሽ? ሕዝቡ እኮ ነው አስተያየት የሚሰጠው።»

«ድንጋይ አስተያየት ነው?»

«ገጹ እንዴት እንደተወደደ ብታይ! እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ደግሞ ጥፋት ቢኖረው ገጹን የሚያስተናግደው ኩባንያ፣ ባለ መድረኩ፣ ራሱ ያጠፋው ነበር። እነሱ ዝም ካሉ እኔ ምን አገባኝ?»

«በጣትህ ብትነካው እኮ ነው የሚጠፋው!»

«አላጠፋም።»

የስንዱ ደም ፈላ። የነጠላዋን ጫፍ ያዘች፣ የሽብሩን የጃኬት እጅጌ ያዘች፣ ቋጠረችና በዚያ በመናኸሪያ ድምፅዋ «በሕግ አምላክ!» አለች።

ይህን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ዳኛው ሳይፈርድ ቋጠሮውን የፈታ ያለ ዳኛ ተረታ። በሕግ አምላክ የተባለም እግሩን ያነሳበት ቦታ ላይ ይቆማል። ዛሬ ይህ ቀርቷል ትሉኛላችሁ። በዚያ ከተማ አልቀረም፤ ከጎረቤት ጋር የተጣላ ሁሉ ትዝ ይለዋል።

ሽብሩ ግን አልተናደደም፤ እንዲያውም ደስ አለው። «ቁራኛ በቀጥታ ስርጭት!» አለና ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጽ ጀመር። «ነይ እንሂድ፤ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ባለ መድረኩ ራሱ ይንገርሽ።»

ባለ መድረኩ እልፍ መድረክ የሚባል ኩባንያ ነው። ባለቤቶቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ በከተማው ያለው ወኪላቸው አቶ ሚልኪያስ ነው፤ ቢሮው መስታወት፣ ጫማው መስታወት።

«ጌታዬ፣ ሽብሩን ይዘዙልኝ። ሽብሩ አላጠፋም አለ፣ ምስሉ ደጅ አላስወጣ አለኝ፣ ኩፍኙ ሰፈር ገባ፣ ልጄ መርፌዋን አጣች!»

አቶ ሚልኪያስ በትሕትና ፈገግ አለ። «እህቴ፣ አቤቱታሽ ደርሶናል። ማሽናችን ምስሉን ተመልክቶት ደንባችንን አይጥስም ብሏል።»

«‹ያዙልን› የሚለውን አንብቦታል?»

«አማርኛ ገና እየተማረ ነው።»

«ይማር፣ ማን ከለከለው! እሱ ፊደል ቆጥሮ እስኪጨርስ ግን እኔ ልወገር?»

«እኛ በሰው ንግግር ጣልቃ አንገባም። መንግሥት በደብዳቤ ካዘዘን ግን ወዲያው እናነሳለን። የመረብ ደኅንነት ቢሮ አላዘዘም፤ ስለዚህ አልነካም።» ይህን ሲል ከረባቱን አስተካከለ። ባያስተካክለው ይሻለው ነበር፤ ስንዱ ከረባቱን ከሽብሩ ጃኬት ኮፍያ ገመድ ጋር ቋጠረችው።

«በሕግ አምላክ! ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነ ምን ያስፈራዎታል? ይምጡና እዚያ ይናገሩ!»

አቶ ሚልኪያስ ዙሪያውን አየ። የሽብሩ ስልክ እየቀረጸው ነው። በጥሶ ቢሄድ ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ጥፋተኛ መባልን እንደ እሳት ይፈራል። «በደስታ!» አለና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተከተላት።

የመረብ ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ ወይዘሮ እልፍነሽ ትባላለች። ከጀርባዋ አዋጁ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል፤ ርዕሱ ሰዎችን በመረብ ላይ ከሚደርስ ጥቃት ስለመጠበቅ ይላል። ስንዱ አዋጁን ስታይ እፎይ አለች። የዋህ ናት።

«እመቤቴ፣ ወኪሉን ይዘዙልኝ። ወኪሉ አልነካም አለ፣ ሽብሩ አላጠፋም አለ፣ ምስሉ ደጅ አላስወጣ አለኝ፣ ኩፍኙ ሰፈር ገባ፣ ልጄ መርፌዋን አጣች!»

«ልክ ነሽ፣ በጣም አሳዛኝ ነው» አለች ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ከአንጀቷ የምታዝን መስላ። «አዋጁም ከአንቺ ጋር ነው። ችግሩ አዋጁ ወጣ እንጂ ማስፈጸሚያ መመሪያው አልወጣም። ያለ መመሪያ አላዝም።»

«መመሪያ ከሌለ የምንጩ አህያ ምስል እንዴት ጠፋ?»

ወይዘሮ እልፍነሽ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ተመራጭ አንድ የውሃ ምንጭ በጭብጨባ መርቀው ነበር፤ ውሃው በሳምንቱ ደረቀ። አንድ ቀልደኛ ሰው፣ አህያ የደረቀውን ምንጭ ስታሸት አንስቶ «እሷም ለምረቃው መጥታ ነው» ብሎ ለጠፈ። ያ ምስል ከቁርስ በኋላ ወጥቶ ምሳ ሳይደርስ ጠፋ። ቀልደኛውም ለጊዜው ጠፍቶ ነበር።

«እሱ አስቸኳይ ነበር» አለች ኃላፊዋ።

«የማን አስቸኳይ? አህያዋ ድንጋይ ተወረወረባት? አህያዋ ልጅ ማስከተብ አቃታት?»

«እህቴ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፤ ቢሮ ነው። መመሪያውን እንዲጽፉ የተመደቡት ዶክተር አንዳርጌ ናቸው። እሳቸው ናቸው ያዘገዩት።»

«እንግዲያው ለእሳቸው ይንገሩልኝ፤ በሕግ አምላክ!» ብላ የኃላፊዋን የአንገት ልብስ ጫፍ ከወኪሉ ኮት ቀበቶ ጋር ቋጠረች። ወይዘሮ እልፍነሽም ብትሆን ዶክተሩ ሲወቀስ ማየት ትፈልግ ነበርና ቦርሳዋን ከነማኅተሟ አንስታ ተነሳች።

ሄዱ። ስንዱ ከፊት፣ ሽብሩ እየቀረጸ፣ ወኪሉ እየተነቀነቀ፣ ኃላፊዋ እየተበሳጨች። ዶክተር አንዳርጌን በመጽሐፍ ተከበው አገኟቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀል ነበር።

«ዶክተር፣ መመሪያውን ይጻፉልኝ። ኃላፊዋ አላዝም አለች፣ ወኪሉ አልነካም አለ፣ ሽብሩ አላጠፋም አለ፣ ምስሉ ደጅ አላስወጣ አለኝ፣ ኩፍኙ ሰፈር ገባ፣ ልጄ መርፌዋን አጣች!»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ነገሩ እንደምታስቢው ቀላል አይደለም። የሌሎች አገሮችን ተሞክሮ እየቀመርን ነው። ዛሬ ለአንቺ ብሎ ምስል የሚያጠፋ መመሪያ፣ ነገ የአንቺኑ አፍ ሊዘጋ ይችላል። ነጻነትና ደኅንነት ሚዛን ይፈልጋሉ።»

ስንዱ እውነት ሲነገር ታውቃለች።

«ልክ ነዎት» አለች። «አህያዋን አይቻለሁ። ግን ዶክተር፣ ነገሩ አደገኛ ከሆነ ተጠንቅቀው ይጻፉት እንጂ ለምን ይቀመጡበታል? እርስዎ ሚዛኑን እስኪይዙ የሚወገረው ማን ነው? የቀልደኛውን አፍ ለመዝጋት ሚዛን ማን ጠየቀ?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። መልስ ያጣ ምሁር ወደ ላይ ያያል። «የበላይ አካል አቅጣጫ ካልሰጠ እኔ አልጽፍም። የተከበሩ አቶ ቢያድግልኝ ናቸው አቅጣጫ የሚሰጡት።»

«በሕግ አምላክ!» አለች ስንዱ፤ የዶክተሩም የካፖርት ቀበቶ ከወይዘሮ እልፍነሽ የቦርሳ ማንገቻ ጋር ተቋጠረ።

የተከበሩ አቶ ቢያድግልኝ የከተማዋ ተመራጭ ናቸው፤ ያን ደረቅ ምንጭ የመረቁት። ያን ቀን ደግሞ ገበያው መሃል አዲስ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሊመርቁ ዳስ ተጥሎላቸው፣ መቀስ ይዘው ቆመዋል። ገበያተኛው በዳሱ ዙሪያ ግጥም ብሏል። ስንዱ ገበያውን ስታይ ቆመች፤ ጆሮዋን የጨረፋት ድንጋይ የመጣው ከዚሁ ነው። ግን ወደኋላ ብትመለስ ኩፍኝ አለ፤ ነጠላዋን አጥብቃ ሽብሩን እየጎተተች፣ ሽብሩ ወኪሉን እየጎተተ፣ ወኪሉ ኃላፊዋን፣ ኃላፊዋ ዶክተሩን እየጎተተች ገባች።

«ክቡርነትዎ፣ አቅጣጫ ይስጡልኝ። ዶክተሩ አልጽፍም አሉ፣ ኃላፊዋ አላዝም አለች፣ ወኪሉ አልነካም አለ፣ ሽብሩ አላጠፋም አለ፣ ምስሉ ደጅ አላስወጣ አለኝ፣ ኩፍኙ ሰፈር ገባ፣ ልጄ መርፌዋን አጣች!»

አቶ ቢያድግልኝ ለካሜራው ፈገግ አሉ። «እናታችን፣ እኔ የሕዝብ አገልጋይ ነኝ። ሕዝብ የጠየቀውን ነው የምሠራው። በዚህ ጉዳይ ከሕዝብ የቀረበ ጥያቄ የለም። ሕዝብ ሳይጠይቅ አቅጣጫ አልሰጥም።»

«ሕዝብ ከሆነ ይኸው!» አለች ስንዱ። የምረቃውን ሪባን ቀደም ብላ ያዘችና አንድ ጫፉን ከዶክተሩ ካፖርት፣ ሌላውን ከአቶ ቢያድግልኝ ቀበቶ ጋር ቋጠረች። «በሕግ አምላክ! እስቲ አብረን እንጠይቀው!» ብላ ወደ ገበያተኛው ስትዞር ነጠላዋ ከፊቷ ወረደ።

«ያቺ ናት!» አለ አንዱ። «ልጅ ሰራቂዋ!»

ሌላው ስልኩን አየ። የሽብሩ ቀጥታ ስርጭት ከፊቱ ተከፍቷል፤ ወኪሉ፣ ኃላፊዋ፣ ዶክተሩ፣ ተመራጩ ተጎትተው፣ ተቋጥረው፣ በላብ ተጠምቀው ይታያሉ። ካሜራውን የያዘው ሽብሩ ብቻ አይታይም። «ተይዘዋል!» አለ ያ ሰው። «ከነግብረ አበሮቿ ታስራ እየመጣች ነው!» ወሬው ከአፍ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ አፍ ሄደ። ሽብሩም አነበበው። እውነቱን እየቻለ አላረመም፤ ተመልካቹ እንደ ጎርፍ እየጨመረለት ነበርና። እንዲያውም ከሥሩ «ግብረ አበሮቹ!» ብሎ ጨመረበት።

መጀመሪያ የመጣው ቲማቲም ነው። አቶ ቢያድግልኝ ደረት ላይ ፈነዳ።

«እኔ ተመራጫችሁ ነኝ!» አሉ።

«እሱንማ ድሮም አላምነውም ነበር!» አለ ገበያተኛው።

ቀጥሎ ድንጋይ መጣ። የወኪሉን የመስታወት ጫማ መታ፣ የዶክተሩን መነጽር ጣለ። ሁሉም በአንድነት ከምረቃው ጠረጴዛ ሥር ተወሸቁ፤ ቋጠሮው አንዱን ካንዱ አላላቅቅ ብሎ። አሁን እንግዲህ መረብ ላይ የተለጠፈ ነገር እንደሚያም አወቁ። ከዚያ በፊት ግን ማን ነግሯቸው ነበር? ስንዱ ነግራቸው ነበር።

«መረቡን ዝጉት!» ብለው አቶ ቢያድግልኝ በስልካቸው ጮሁ። «የከተማውን በሙሉ!»

ይህችን መመሪያ ለመስጠት ተሞክሮም ሚዛንም አላስፈለጋቸውም። መረቡ ድርግም አለ። ባንኩ ቆመ፣ ተማሪው ትምህርቱ ተቋረጠበት፣ ልጇ አረብ አገር ያለች እናት መሃል ወሬ ላይ ድምፅ ጠፋባት። ድንጋዩ ግን አልቆመም፤ የታየው ታይቷልና።

«አጥፋው እንጂ!» አሉ ሁሉም ሽብሩን፤ ሽብሩም አንድ ድንጋይ ትከሻውን ካገኘው ወዲህ ፈርቶ ነበር። ስልኩን በጣቱ ነካ።

«አልጠፋም! የመጠበቂያው ምልክት ብቻ እየዞረ ነው! መረቡን ዘግታችሁት በምን ላጥፋው?»

«ክፈቱት!» አሉ አቶ ቢያድግልኝ፣ እንዳለቀሰ ልጅ ድምፃቸው ቀጥኖ። መረቡ ተከፈተ። ያን ጊዜ ፍጥነት የሚባለውን ባያችሁ! ተመራጩ አቅጣጫ ሰጡ፣ ዶክተሩ ጉልበታቸው ላይ መመሪያ ጻፉ፣ ኃላፊዋ ማኅተሟን መታች፣ ወኪሉ ሽብሩን አዘዘ፣ ሽብሩ በጣቱ ነካ፣ የተከበሩት የተጎተቱበት ስርጭት ጠፋ። ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል እንኳ አልቆየም።

ከስልክ የጠፋ ነገር ግን ከሰው እጅ ድንጋይ አያስጥልም። ገበያተኛው ጠረጴዛውን ከበበ። ስንዱ ያን ጊዜ ፍርሃቷ ወጣላት፤ የቀራት ንዴት ብቻ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ቆመች፤ ፊቷንም አልሸፈነችም።

«በሕግ አምላክ!»

አውቶቡስ የምታስቆም ድምፅ ናት። የተነሳው እጅ ሁሉ እንደተነሳ ቀረ።

«እዚህ ልጇ የጠፋባት እናት አለች?» አለች ስንዱ። «ትምጣ! ልጄን ሰረቅሽኝ የምትል ትምጣና በእጇ ትውገረኝ! ድንጋይ የያዛችሁት፣ የማንን ልጅ ሰረቅኩ? ስሙ ማን ነው? የማን ቤት ነው እናት የምታለቅሰው? አንዳችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?»

አንድም እናት አልመጣችም።

«ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት። መርፌ ተወግታ ነው ያለቀሰችው። የእናንተ ልጆች መርፌ ሲወጉ ይስቃሉ? አንቺ፣» አለች ወደ ሽንኩርት ሻጯ ዞራ፣ «አንቺ ኤልዳናን አታውቂያትም? ከመደብሽ ሽንኩርት እያነሳች ስትነክስ አልሳቅሽም?»

ሽንኩርት ሻጯ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «አውቃታለሁ» አለች። «አውቃት ነበር፤ ስልኩን ሳይ ጊዜ ያወቅኩት ጠፋብኝ። ወይኔ!» ድንጋዩ አንድ በአንድ መሬት ወረደ፤ ሲወርድ የጣለው ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

አቶ ቢያድግልኝ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አሉ። ከኮታቸው ላይ የቲማቲሙን ፍሬ እየለቀሙ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ጀግና ነሽ» አሉ። «በይ አሁን ፍቺንና እንሂድ።»

«የእኔስ?» አለች ስንዱ።

«የአንቺ ምን?»

«የእኔ ምስል። የእናንተ ጠፋ። የእኔስ?»

ተመራጩ ዶክተሩን አዩ። ዶክተሩ ኃላፊዋን አዩ። ኃላፊዋ ወኪሉን አየች፣ ወኪሉ ሽብሩን አየ፣ ሽብሩ መሬት አየ።

«ያኛው... በመደበኛው ሥርዓት ይታያል» አለች ወይዘሮ እልፍነሽ። «ይህ እኮ አስቸኳይ ስለነበረ ነው።»

ስንዱ ያን ጊዜ የተናገረችውን ሁሉ አልደግመውም፤ ልጆች ይሰማሉ። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ አለች፦ «ቋጠሮው አይፈታም። እንደዚሁ እንበላለን፣ እንደዚሁ እንተኛለን። ነገ ልጆቻችሁን ት/ቤት ስታደርሱ እኔ አለሁ። ስብሰባ ስትገቡ እኔ አለሁ። ሽንት ቤት ስትሄዱ፣» ወደ አዲሱ መጸዳጃ ቤት ጠቆመች፣ «እኔ አለሁ! ደግሞ ሕዝብ አልጠየቀኝም አላሉም? ጠይቁት!»

ገበያተኛው እፍረቱን የሚያወርድበት አጥቶ ነበርና በአንድ ድምፅ «አጥፉላት!» አለ።

ሕዝብ ጠየቀ፣ ተመራጩ አቅጣጫ ሰጡ፣ ዶክተሩ የስንዱን ስም ጻፉ፣ ኃላፊዋ ማኅተም መታች፣ ወኪሉ ሽብሩን አዘዘ፣ ሽብሩ ጣቱን አነሳ።

አነሳና ነካ። አለቀ። ይህን ሁሉ ሰው ያንከራተተው፣ ድንጋይ ያስነሳው፣ ሕፃን ከመርፌ ያስቀረው የአንዲት ጣት ሥራ ነበር። ስንዱ ያችን ጣት ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች፣ አመሰግናለሁ ሳትል ሄደች። ምን ብላ ታመስግን?

ቤቷ ሄዳ ልጅቷን ከእማማ ወሰኔ እጅ ተቀበለች። ፊቷን ሳትሸፍን፣ ልጅቷን ታቅፋ ገበያውን አቋረጠች። ጤና ጣቢያ ደረሰች፣ የበረዶው ሳጥን ተከፈተ፣ ኤልዳና መርፌዋን አገኘች። አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች።

ሲመለሱ ያ ሁሉ ገበያተኛ ቆሞ ነበር። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ስንዱ ትሄዳለች። ሽንኩርት ሻጯ ትንሽ ሽንኩርት ዘረጋችላት፤ ኤልዳና ወረወረችው። ስልክ ያነሳ አልነበረም።

«አልቅሺ የእኔ ልጅ» አለቻት ስንዱ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ሳትሮጥ። «እንደ ልብሽ አልቅሺ። ማንም አይቀርጽሽም።»

ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦውን ግን ለእኔ አታምጡ፤ ከረሜላውን ለተፋችው ልጅ ስጧት።